ከ29 ፓርቲ እስከ ሦስት ዝርዝር፦ የፖላንድ መራጭ ከመከፋፈል ምን ተማረ?

(የብሎክ ተወካዮች ምርጫ ከመድረሱ በፊት በሰፈራችን የማኅበረሰብ አዳራሽ በውይይት ክበባችን ስም የቀረበ ንግግር። «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



የብሎክ ተወካዮች ምርጫ ማስታወቂያ ከተለጠፈ ወዲህ በሰፈሩ ሌላ ወሬ የለም። ቡና በተፈላበት፣ የውኃ ወረፋ በተያዘበት ሁሉ የሚነሳው የተወዳዳሪዎች ስም ነው። በአንዱ ብሎክ ለአንድ የሴት ተወካይ ቦታ ሰባት እኅቶች ተመዝግበዋል። ከሰባቱ አምስቱ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ማታ ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድ መብራት ይኑረው፣ የራሽን ካርድ የጠፋባት እናት ወር ሙሉ አትንገላታ ይላሉ። አምስቱ ግን አብረው ተቀምጠው አያውቁም። ይህንን ያዩ ሽማግሌዎች «ስለ ምርጫና ስለ መከፋፈል አንድ ነገር ንገሩን» ብለው ጠየቁን። ዛሬ እዚህ የቆምነው ለዚሁ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በ1969 የወጣው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ በማንኛውም አባል አገር ላይ የማፍረስ ተግባር እንዳይፈጽም ይከለክላል። እኛም ዛሬ የማንንም ፓርቲ አናወድስም፣ የማንንም አናወግዝም። መማር ግን የተከለከለ አይደለም። ስለዚህ ከእኛ ርቃ የምትገኝ፣ ነገር ግን ታሪኳ ለእኛ እንግዳ ያልሆነ አንዲት አገር መርጠናል። እሷም ፖላንድ ናት።

ታሪኳ እንግዳ አይደለም ያልነው በምክንያት ነው። ፖላንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1989 ድረስ በአንድ ፓርቲ ስትገዛ ኖረች፤ ስሙም «የፖላንድ የተባበረ የሠራተኞች ፓርቲ» ነበር። ኢሠፓን ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ስም አይከብደንም። ደግሞም በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ በአገራችን ተራሮች ላይ እህል ከአውሮፕላን ሲወረወር፣ ከእንግሊዝና ከምዕራብ ጀርመን አብራሪዎች ጋር የሠሩት ሄሊኮፕተሮች የፖላንድ ነበሩ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በነሐሴ ወር 1980 በግዳንስክ ከተማ የመርከብ መሥሪያ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። መሪያቸው ሌክ ዋሌሳ የተባለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ አድማ «ሶሊዳሪቲ» የተባለ ነጻ የሠራተኞች ማኅበር ተወለደ፤ ትርጉሙም ኅብረት ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የአባላቱ ቁጥር ወደ 10 ሚሊዮን ደረሰ። በማኅበሩ ውስጥ ካህን ወዳዱም ካህን የማይወደውም፣ ገበሬውም ፕሮፌሰሩም፣ ገበያ ነጻ ይሁን ባዩም የመንግሥት ፋብሪካ አይነካብኝ ባዩም ነበሩበት። መንግሥት በ1981 መጨረሻ ላይ ወታደራዊ አዋጅ አውጥቶ መሪዎቹን አሠረ። ማኅበሩ ግን በስውር እየሠራ ቆየ።

በ1989 መጀመሪያ ላይ ኢኮኖሚው ሲናጋ መንግሥትና ሶሊዳሪቲ በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለሁለት ወር ያህል ተደራደሩ። ስምምነቱ ከታችኛው ምክር ቤት 460 ወንበሮች ውስጥ 161ዱ ብቻ ለነጻ ውድድር ክፍት እንዲሆኑ፣ አዲስ የሚቋቋመው ሴኔት 100 ወንበሮች ደግሞ በሙሉ በነጻ ውድድር እንዲያዙ ነበር። በሰኔ ወር ምርጫው በሁለት ዙር ተካሄደ። ሶሊዳሪቲ 161ዱንም ወሰደ፤ ከሴኔቱ 100 ወንበሮች 99ኙን አገኘ። በነሐሴ ወር የማኅበሩ አማካሪ የነበሩት ታዴውሽ ማዞቪየትስኪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በጊዜው በነበረው የምሥራቅ አውሮፓ የኮሚኒስት ጎራ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ያገራችን ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። የፖላንድ ድር አንበሳውን አሠረ። ተረቱ ያልነገረን ግን አንበሳው ከታሠረ በኋላ ድሩ ምን እንደሚሆን ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው።

አንድ ዓመት ሳይሞላ በ1990 የድሉ ባለቤቶች ተጣሉ። ዋሌሳ ለውጡ ዘገየ አሉ፤ የማዞቪየትስኪ ወገን ደግሞ ችኮላ አገር ያፈርሳል አለ። የፖላንድ ሰዎች ይህን ጊዜ «የላይኞቹ ጦርነት» ብለው ሰየሙት። በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንት ምርጫ ሁለቱ ጓዶች እርስ በርስ ተወዳደሩ። በመጀመሪያው ዙር ዋሌሳ ከ100 ድምፅ 40 ያህል አገኙ። ማዞቪየትስኪ ግን 18 ያህል አግኝተው ሦስተኛ ወጡ። ሁለተኛ የሆነው ለረጅም ዓመታት ውጭ አገር የኖረና በአገር ውስጥ የሚያውቀው ሰው ያልነበረ ስታኒስላቭ ቲሚንስኪ የተባለ ነጋዴ ነበር፤ 23 ያህል ድምፅ አገኘ። በሁለተኛው ዙር ዋሌሳ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። በዚህ ጊዜ ግን ኅብረቱ ተሰንጥቆ ነበር።

ስንጥቁ እንዲሰፋ ያደረጉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። እኛ ሦስቱን እንጥቀስ።

አንደኛው የኑሮ ነገር ነው። ከጥር 1990 ጀምሮ መንግሥት አብዛኛውን የዋጋ ቁጥጥር አነሳ፤ ለመንግሥት ፋብሪካዎች የሚሰጠውን ድጎማም ቀነሰ። ሱቆች በዕቃ ተሞሉ፤ ፋብሪካዎች ግን ሠራተኛ አባረሩ። በ1991 መጨረሻ የሥራ አጡ ቁጥር ከ2 ሚሊዮን አለፈ። የመርከብ መሥሪያው ሠራተኛና ለውጡን የሚመራው ሚኒስትር ሁለቱም የሶሊዳሪቲ ልጆች ነበሩ። የአንዱ ፖሊሲ የሌላውን እንጀራ ሲነካ ግን በአንድ ድርጅት ውስጥ መቀጠል አልቻሉም።

ሁለተኛው የሕጉ ልልነት ነው። በ1990 በወጣው የፓርቲ ሕግ መሠረት 15 ሰው ከፈረመ ፓርቲ ማስመዝገብ ይችል ነበር። ስለዚህ ከአለቃው ጋር የተጣላ ሁሉ ማኅተም እያስቀረጸ ወጣ። ሕዝቡም «የሶፋ ፓርቲ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ አባላቱ በሙሉ በአንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚያልቁ ለማለት ነው። እኛ አገር ቢሆን በአንድ አግዳሚ የሚያልቁ በተባሉ ነበር።

ሦስተኛው የአቆጣጠሩ ሥርዓት ነው። የ1991 የምርጫ ሕግ 391 ወንበሮችን በ37 የምርጫ ክልሎች አከፋፈለ። በየክልሉ ወንበር የሚታደለው ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን ነበር፤ ዝቅተኛ የመግቢያ ደፍም አልተበጀለትም። ዓላማው ማንም ከደጅ እንዳይቀር ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን ትንሹ ፓርቲ ሁሉ «ብቻዬን ብገባም አንድ ወንበር አላጣም» ብሎ አሰበ። በዚያ ሕግ ሥር ተባብሮ ለመግባት የሚያስገድድ ነገር አልነበረም።

ምርጫው በጥቅምት 1991 ተካሄደ። ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄደው ከ100 መራጭ 43 ያህሉ ብቻ ነበር። ከመቶ በላይ የምርጫ ቡድኖች ተወዳድረው 29ኙ ወንበር አገኙ። አንደኛ የወጣው የማዞቪየትስኪ ፓርቲ ከ100 ድምፅ 12 ያህል፣ ከ460 ወንበርም 62 ብቻ ነበረው። የቀድሞዎቹ ኮሚኒስቶች ጥምረት በ60 ወንበር ተከታትሎት ገባ። አንድ አንድ ወንበር ብቻ የያዙም ነበሩ። «የቢራ ወዳጆች ፓርቲ» የሚባል በቀልድ የተጀመረ ድርጅት ሳይቀር 16 ወንበር አገኘ። እሱም ምክር ቤት ከገባ በኋላ «ትልቁ ቢራ» እና «ትንሹ ቢራ» ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። የሳቃችሁት እውነት ነው፤ የፖላንድ ሰዎችም መጀመሪያ ስቀው ነበር።

ሳቁ አልቆየም። እንዲህ ባለ ምክር ቤት መንግሥት ማቆም ከባድ ሆነ። ያን ኦልሼቭስኪ ከ1991 መጨረሻ ጀምረው ግማሽ ዓመት ያህል አስተዳድረው በሰኔ 1992 ወደቁ። የተተኩት ቫልደማር ፓቭላክ 33 ቀን ሞክረው ካቢኔ ማቋቋም አቃታቸው። ከዚያ ሃና ሱሆትስካ የሚባሉ ሴት የሕግ ባለሙያ ሰባት ፓርቲዎችን አጣምረው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እሳቸውንም በግንቦት 1993 በአንድ ድምፅ ብልጫ ጣሏቸው። የመተማመኛ ድምፅ ይነፈጋቸው የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት ደግሞ በምክር ቤቱ የነበሩት የራሱ የሶሊዳሪቲ ማኅበር ተወካዮች ናቸው። እነሱ የፈለጉት ለመምህራንና ለጤና ሠራተኞች የተሻለ ደመወዝ እንዲሰጥ መንግሥትን ማስገደድ ነበር። ፕሬዚዳንት ዋሌሳ ግን ምክር ቤቱን በትነው አዲስ ምርጫ ጠሩ።

ምክር ቤቱ ከመበተኑ በፊት አዲስ የምርጫ ሕግ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ፓርቲ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ100 ድምፅ 5 ካላገኘ አይገባም፤ ጥምረት ከሆነ ደግሞ 8 ያስፈልገዋል። ዓላማው ትንንሾቹ እንዲተባበሩ ማስገደድ ነበር። ከሶሊዳሪቲ የወጡት የቀኝ ክንፍ ፓርቲዎች ግን አዲሱን ሕግ እያዩ በአሮጌው ልማድ ገቡ። እያንዳንዱ «እኔ ደፉን እሻገራለሁ፤ የሚቀረው ሌላው ነው» አለ።

በመስከረም 1993 የሆነውን እዩ። የካቶሊክ ፓርቲዎች ጥምረት 6 ከግማሽ ያህል አገኘ፤ 8 ስላልሞላ ቀረ። የሶሊዳሪቲ ማኅበር ራሱ 5 ሊሞላ አንድ አሥረኛ ሲቀረው ከደጅ ተመለሰ። ሌሎችም እንዲሁ። በጠቅላላው ከ100 ድምፅ 35 ያህሉ ወንበር ላላገኙ ፓርቲዎች የተሰጠ ሆኖ ባከነ። የቀድሞዎቹ ኮሚኒስቶች ጥምረት ግን አንድነቱን ጠብቆ ስለገባ በ20 ድምፅ 171 ወንበር አገኘ። የቀድሞ አጋሩ የነበረው የገበሬዎች ፓርቲ በ15 ድምፅ 132 ወንበር ያዘ። ሁለቱ ሲደመሩ 36 ያህል ድምፅ ነበራቸው፤ የወሰዱት ግን ከ460 ወንበር 303ቱን ነው። ይህ ማጭበርበር አልነበረም። ሕጉን አስቀድሞ ያነበበና ያላነበበ ልዩነታቸው ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ እንሁን። የቀድሞዎቹ ኮሚኒስቶች ሲመለሱ የአንድ ፓርቲ አገዛዝ አልተመለሰም። በ1995 ከእነሱ ወገን የሆኑት አሌክሳንደር ክቫሽኒየቭስኪ ዋሌሳን በጥቂት ብልጫ አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ፖላንድ በ1999 ኔቶ ስትገባም በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆንም በመንበሩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የተሸነፈ ወገን ወደ ጫካ አልገባም፤ ያሸነፈም ተሸናፊውን አላሠረም። መከፋፈሉ ብዙ ቢያስከፍልም፣ ጠቡ በምርጫ ኮሮጆ ውስጥ ስለቀረ አገሪቱ ልትተርፍ ቻለች። ይህን ነጥብ ስደተኛ የሆነ ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የተሸነፉት ከ1993 አንድ ነገር ተማሩ፤ ግማሹን ብቻ። በ1996 ከ30 በላይ ድርጅቶች በሶሊዳሪቲ ማኅበር ጥላ ሥር ተሰባስበው አንድ ትልቅ ግንባር ፈጠሩ። በ1997 ከ100 ድምፅ 34 ያህል አግኝተው 201 ወንበር ያዙ፤ ዬዢ ቡዜክም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ግንባሩ ግን «እነዚያን እናስወጣ» ከሚለው በቀር በጋራ የተስማማበት ብዙ አልነበረም። ሥልጣን ላይ ሳለ አንድ በአንድ ተሸራረፈ። በ2001 ምርጫ ከ100 ድምፅ 5 ከግማሽ ያህል አገኘ፤ የጥምረት ደፉ 8 በመሆኑ አንድ ወንበር ሳያገኝ ቀረ። አገር ያስተዳድር የነበረ ግንባር በአራት ዓመት ውስጥ ከምክር ቤቱ ጠፋ።

ይህ ስሕተት የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በ2015 ተራው የግራ ክንፉ ሆነ። ተጣምረው የገቡት የግራ ፓርቲዎች 7 ከግማሽ ያህል አገኙ፤ ለጥቂት ከ8 አነሱ። ሌላ አዲስ የግራ ፓርቲ ለብቻው ገብቶ 3 ከግማሽ ያህል ወሰደ። ሁለቱ ተደምረው ቢሆን ደፉን በተሻገሩ ነበር። የእነዚህና የሌሎች ድምፅ ስለባከነ «ሕግና ፍትሕ» የተባለው ፓርቲ በ38 ያህል ድምፅ 235 ወንበር፣ ማለትም ብቻውን መንግሥት ለማቆም የሚበቃ ብልጫ አገኘ።

የመጨረሻው ምሳሌያችን በጥቅምት 2023 የተካሄደው ምርጫ ነው። ተቃዋሚዎቹ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይግቡ፣ አይግቡ በሚል ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ በሦስት ዝርዝር ገቡ፤ ሦስቱም ግን ከምርጫው በፊት አብረን መንግሥት እናቆማለን ብለው ለሕዝብ ተናገሩ። ለሴኔቱ በአንድ የምርጫ ክልል የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ በየክልሉ እርስ በርስ ላለመወዳደር ተስማሙ። መራጩም ከ100 ሰው 74 ያህሉ ወጣ። «ሕግና ፍትሕ» በ35 ድምፅና በ194 ወንበር አሁንም አንደኛ ነበር። ሦስቱ ዝርዝሮች ተደምረው ግን 248 ወንበር ያዙ፤ ከሴኔቱም 66 አገኙ። በታኅሣሥ ወር ዶናልድ ቱስክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ማን ቢያሸንፍ ይሻል ነበር የሚለው የፖላንድ ሰዎች ጉዳይ ነው። እኛ የምንወስደው አሠራሩን ነው።

መጀመሪያ፣ የጋራ ጠላት የጋራ ዕቅድ አይሆንም። በ1989 ኅብረቱን ያሰረው ተቃውሞ ነበር። ተቃውሞው ግቡን ሲመታ ማሰሪያው ተፈታ። ስለዚህ አንድ የሚሆኑ ሰዎች መነጋገር ያለባቸው ከድሉ በኋላ ባለው ሰኞ ማለዳ ስለሚሠሩት ሥራ ነው።

ቀጥሎ፣ ከመወዳደር በፊት አቆጣጠሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በተመጣጣኝ ውክልና ሦስት ዝርዝር ሆኖ መግባት ሊጠቅም ይችላል፤ አንድ ሰው ብቻ በሚያልፍበት ቦታ ግን ሦስት ሆኖ መግባት መሸነፍ ነው። ተቃዋሚዎቹ በ2023 ለታችኛው ምክር ቤት በአንድ መንገድ፣ ለሴኔቱ በሌላ መንገድ የገቡት ለዚህ ነው።

በመጨረሻም፣ የፓርቲ መብዛት በራሱ ኃጢአት አይደለም። በአንድ ፓርቲ ዘመን ፖላንድም ኢትዮጵያም «አንድነት» ነበራቸው። ያን አንድነት እናውቀዋለን፤ ሌላ ሐሳብ ያለውን ሰው ዝም በማሰኘት የተገኘ ነበር። እኛ የምንለው የተለያዩ ሰዎች ልዩነታቸውን ይዘው መስማማትን ይልመዱ ነው።

ይህን ስንናገር በብዙዎቻችሁ ልብ የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሳይመጣ አልቀረም። አራት ድርጅቶች «ቅንጅት» በሚል ስም ተሰባስበው ገቡ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ኅብረቱ ፈረሰ። የመንግሥት እጅ፣ እሥራቱና የደረሰው ጉዳት በጊዜው የታወቀ ስለሆነ ሁሉንም በመከፋፈል ማሳበብ አይገባም። ነገር ግን የኢትዮጵያ የምርጫ ሥርዓት በየክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው አንዱ የሚያልፍበት እንደነበረ ማስታወስ ይጠቅማል። ከ100 ድምፅ አንዱ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኝ፣ 60ዎቹ በሐሳብ ቢቀራረቡም ወንበሩን የሚወስደው ባለ 40ው ነው።

አሁን ወደ ብሎካችን እንመለስ። እኛ ስደተኞች በጥገኝነት በተቀመጥንበት አገር ምርጫ አንመርጥም። በአገራችንም ምርጫ ሲካሄድ ከዚህ ሆነን ስለ እሱ መስማት እንጂ መሳተፍ አልቻልንም። በእጃችን ያለችው ድምፅ ይህችው የብሎክ ተወካይ የምንመርጥባት ናት። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። በስብሰባ ላይ ስለ ራሽን መቀነስ፣ ስለ ውኃ ቦኖው፣ ብቻቸውን ስለመጡ ልጆች የሚናገረውን ሰው የምትወስን እሷ ናት።

እስቲ በጣት እንቁጠር። በብሎኩ 100 መራጭ አለ እንበል። 70ው መብራትና የራሽን ካርድ ጉዳይ ይቅደም የሚሉ ናቸው። አምስቱ እኅቶች እነዚህን እኩል ቢካፈሏቸው ለእያንዳንዷ 14 ይደርሳታል። ስድስተኛዋ 20፣ ሰባተኛዋ 10 ብታገኝ የምታልፈው ባለ 20ዋ ናት። ምናልባት ጎበዝ ተወካይ ትሆናለች፤ የ70ው ሰው ጥያቄ ግን በሷ ዘንድ ቅድሚያ ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። አምስቱ እኅቶች በአንድ ቡና ላይ ይቀመጡ። የሚስማሙበትን ሁለትና ሦስት ነገር በወረቀት ያስፍሩ። ከመካከላቸው አንዷን ራሳቸው ይምረጡ፤ ካልተስማሙ ዕጣ ይጣሉ። ለቀሩት አራቱም ሥራ ይከፈል፤ አንዷ መብራቱን፣ አንዷ የካርዱን ጉዳይ፣ አንዷ አራሶችን፣ አንዷ ልጆቹን ትከታተል። የተመረጠችውም በየወሩ ተመልሳ ለአራቱ ሪፖርት ታድርግ። የ1997ቱ የፖላንድ ግንባር የጎደለው ይህ ነው፤ ድሉን ያወቀበትን ያህል ክፍፍሉን አላወቀበትም።

ማንም ሰው ግን ስሙን እንዲያነሳ በጎሣ፣ በሃይማኖት ወይም በዛቻ አይገደድ። ተነጋግረው ካልተስማሙ ሰባቱም ይወዳደሩ፤ መብታቸው ነው። ያን ጊዜ የተሸነፉት በማግስቱ የራሳቸውን ኮሚቴ እንዳያቋቁሙ፣ ያሸነፈችውም በሩን እንዳትዘጋባቸው ከወዲሁ ቃል ይግቡ። መራጩም «ማንም ቢሆን ያው ነው» ብሎ ከድንኳኑ አይቅር።

የምዝገባው ጊዜ ገና አላለፈም። አምስቱም እኅቶች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ መኖራቸውን እናያለን። ቡናውንና ስኳሩን ክበባችን ያቀርባል፤ ጀበናውን የምታመጣ አትጠፋም። አሁን መድረኩን ለጥያቄ እንለቃለን።